ሄልቬሊን በክረምት፦ ወደ በረዷማ ተራራ የሚደረግ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የሚገኘው ሌክ ዲስትሪክት በሐይቆቹና በተራሮቹ የታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተከለለና በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ምድር ሲሆን፣ በምሥራቃዊ ክፍሉ ከአልስዋተር ሐይቅ በላይ የቆመው ሄልቬሊን ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 950 ሜትር ከፍታ አለው። ይህ ቁጥር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እምብዛም የሚያስደንቅ አይደለም፤ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ራስ ዳሽንም ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ይሁንና ሄልቬሊን በእንግሊዝ ከሚገኙት ተራሮች ሁሉ በከፍታው ሦስተኛ ከመሆኑም በላይ፣ በክረምት ወራት በረዶ ሲለብስ በሥነ ሥርዓት ያልተዘጋጀን ሰው ለሞት የሚያበቃ ተራራ ነው፤ የአንድ ተራራ አስቸጋሪነት የሚለካው በከፍታው ብቻ ሳይሆን ከምድር ወገብ ባለው ርቀት፣ በነፋሱ፣ በቀኑ ርዝመትና በላዩ ባረፈው በረዶ ጠባይ ጭምር ነውና።

እዚህ ላይ ክረምት ሲባል የኢትዮጵያው የዝናብ ወቅት ሳይሆን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የአውሮፓ የብርድ ወቅት ነው። በዚህ ወቅት ፀሐይ በሰሜን እንግሊዝ ሰማይ ላይ እጅግ ዝቅ ብላ ስለምታልፍ ቀኑ ያጥራል። ቀን ከሁሉ አጥሮ በሚታይበት በታኅሣሥ አጋማሽ በሄልቬሊን ግርጌ ፀሐይ የምትወጣው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የምትጠልቀው ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ ተጓዡ በእጁ ያለው ብርሃን ሰባት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። አየር ወደ ላይ በወጣ መጠን በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በተራራው ሥር ባለችው በግሌንሪዲንግ መንደር 5 ዲግሪ በሆነበት ጧት በአናቱ ላይ ውኃ ይረጋል። የነፋሱ ነገር ግን ከዚህ ይብሳል። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ ያለ ከልካይ የሚመጣው የምዕራብ ነፋስ፣ ሰውነት በቆዳው ዙሪያ የሚያሞቀውን ስስ የአየር ሽፋን እየገፈፈ ስለሚወስደው፣ የሙቀት መለኪያው ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ እያሳየ ነፋሱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ፣ የተጋለጠ ፊት የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ያህል ይሆናል።

የተራራው ቅርጽም የነፋስና የበረዶ ሥራ ነው። ወደ ተርልሜር ሐይቅ የሚያየው ምዕራባዊ ጎኑ ሣር የለበሰ ሰፊ ተዳፋት ሲሆን፣ ምሥራቃዊው ጎን ግን በገደልና በጥልቅ ጎድጓዶች የተቦረቦረ ነው። ለዚህ ልዩነት ዋናው ምክንያት በበረዶ ዘመን፣ ማለትም የሰሜኑ የዓለም ክፍል በግዙፍ የበረዶ ክምር በተሸፈነበት የጥንት ጊዜ፣ ነፋሱ ከምዕራብ ጠርጎ ያመጣው በረዶ ፀሐይ እምብዛም በማትጎበኘው በምሥራቁ ጥላ ውስጥ እየተከማቸ ግግር በረዶ መሆኑ ነው። ግግር በረዶ የሚባለው ከዓመት ዓመት ሳይቀልጥ ተደራርቦና ተጨቁኖ የጠጠረ፣ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሳብ የበረዶ ክምር ሲሆን፣ ሲሳብ ዓለቱን እየፋቀና እየቦረቦረ ይሄዳል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ግግር በረዶዎች ከግራና ከቀኝ ሲቦረቡሩ በመካከላቸው የሚቀረው ዓለት ስለታም ሸንተረር ይሆናል፤ የሄልቬሊን ስመ ጥር ሸንተረሮች ስትራይዲንግ ኤጅና ስዊረል ኤጅ የተወለዱት በዚህ መንገድ ነው። በሁለቱ መካከል፣ በ718 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሬድ ታርን የተባለችው ትንሽ ሐይቅ ተኝታለች፤ በክረምት ገጿ ሲረጋ ከሥሩ ስኬሊ የሚባል፣ በመላው ብሪታንያ በጥቂት ሐይቆች ብቻ የሚገኝ ዓሣ ይኖራል። በአካባቢው የመጨረሻዎቹ ትናንሽ ግግር በረዶዎች የቀለጡት ከ11,700 ዓመታት ገደማ በፊት ነው። በኢትዮጵያም በሰሜን ተራሮችና በባሌ ተራሮች ላይ በዚያ ዘመን ግግር በረዶ እንደነበረ፣ ገፍቶ የከመራቸው የድንጋይ ቁልሎች እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ።

ከግሌንሪዲንግ ተነሥቶ በስትራይዲንግ ኤጅ ወደ አናቱ ወጥቶ በስዊረል ኤጅ የሚወርደው የታወቀው ዙሪያ መንገድ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አቀበቱ ተደምሮ 800 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለው መንገድ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለመገመት ተራራ ወጪዎች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበት ስሌት ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ነው፤ በዚህ ስሌት መሠረት ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይታሰባል። የሄልቬሊን መንገድ በዚህ ሲሰላ አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህ ግን ያለ ዕረፍት፣ በደረቅ መሬትና በጥሩ አየር ለሚሄድ ብርቱ ሰው የሚሠራ ቁጥር ነው፤ እግር በሚሰምጥበት በረዶ ላይ ጉዞው በግማሽ ወይም በእጥፍ ሊረዝም ስለሚችል፣ አራቱ ሰዓት ከስድስት እስከ ስምንት ሆኖ የቀኑን ብርሃን ጠቅላላ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ፤ አናቱን ረገጡም አልረገጡ የሚመለሱበትን ሰዓት ገና ከቤት ሳይወጡ ይወስናሉ፤ በግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪም ሁልጊዜ ይይዛሉ።

በሰማይ ላይ የሚፈጠረው የበረዶ ቅንጣት የውኃ ተን በጥቃቅን ብናኞች ላይ እየረጋ የሚሠራው ስድስት ማዕዘን ያለው ክሪስታል ሲሆን፣ መሬት ላይ ካረፈ በኋላ መልኩን መለወጡን አያቆምም። አዲስ የወረደ ደረቅ በረዶ ከይዘቱ ዘጠኝ ዐሥረኛው ያህል አየር በመሆኑ እግር ይውጣል፤ ነፋስ ያንከባለለው በረዶ ቅንጣቶቹ ተሰባብረውና ተጣብቀው ጠንካራ ግን ተሰባሪ ንጣፍ ይሆናል፤ ቀን ቀልጦ ሌሊት የረጋው ደግሞ እንደ መስታወት ያንሸራትታል። በአንዲት አቀበት ላይ ሦስቱም ዓይነት ሊገኙ ይችላሉ። እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ በረዶ ለኢትዮጵያ ታሪክም እንግዳ አይደለም፤ ስሙ ያልደረሰን አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ባቆመው፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ ላይ፣ ሠራዊቱ ወንዝ ተሻግሮ የሰሜን ተራሮችን ሰዎች ለመውጋት ሲዘምት ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ ባለበት ተራራ ላይ እንደተጓዘ ተመዝግቧል። ዘመቻው እንዴት አድካሚ እንደነበረ የሚገባው በእንዲህ ያለ በረዶ ላይ ጥቂት መቶ ሜትሮች የተጓዘ ሰው ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ እግርን ከጉድጓድ እንደ ማውጣት ስለሚቆጠር፣ በቡድን የሚሄዱ ሰዎች ከፊት ሆኖ ዱካ የሚከፍተውን ሰው በየጥቂት ደቂቃው ይለዋወጣሉ።

በጠጠረ በረዶ ላይ ለመሄድ ሁለት መሣሪያዎች የግድ ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ክራምፖን ሲሆን፣ እርሱም ከጠንካራ ጫማ ሥር የሚታሰር፣ ብዙ ጊዜ ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ሹል ጥርሶች ያሉት ብረት ነው፤ ለዛሬው ክራምፖን መሠረት የሆነውን ባለ ዐሥር ጥርስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1908 የነደፈው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኦስካር ኤከንስታይን ነበር። ሁለተኛው በአንድ በኩል ሹል፣ በሌላው በኩል ጠፍጣፋ ምላስ ያለው የበረዶ ዶማ ነው። የዶማው ዋና ጥቅም ለብዙ ሰው እንደሚመስለው በረዶ መቆፈር ሳይሆን መንሸራተትን ማቆም ነው። ተጓዡ ሹሉን ወደ ኋላ አዙሮ፣ በአቀበቱ በኩል ባለው እጁ የዶማውን ራስ ይይዛል፤ እግሩ ከከዳው ወዲያውኑ የዶማውን ራስ ከትከሻው ሥር አስጠግቶ፣ እጀታውን በደረቱ ላይ አግድሞ በሌላው እጁ የታችኛውን ጫፍ እየያዘ በሆዱ ይገለበጣል፤ ከዚያም የሰውነቱን ክብደት ሁሉ በዶማው ላይ ጥሎ ሹሉ በረዶውን እያረሰ ፍጥነቱን እንዲገታ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ ክራምፖን ያሰረ ሰው እግሮቹን ከበረዶው ወደ ላይ ማንሣት አለበት፤ ጥርሶቹ በድንገት ቢነክሱ ሰውየውን አሽቀንጥረው ይገለብጡታልና። ይህ ሁሉ መፈጸም ያለበት በሁለት ወይም በሦስት ሰከንድ ውስጥ ነው፤ በጠጠረ ተዳፋት ላይ የሚንሸራተት ሰው ከዚያ በኋላ በእጅ የማይገታ ፍጥነት ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ዶማ ገዝቶ በቦርሳ አንጠልጥሎ መሄድ ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ ግርጌው ድንጋይና ገደል በሌለው አጭር ተዳፋት ላይ በጀርባ፣ በሆድና በራስ ወደ ታች እየተንሸራተቱ ደጋግሞ መለማመድ ያስፈልጋል።

በጥንት ጊዜ የምሥራቃዊውን ገደል በረዶ ያከማቸው ነፋስ ዛሬም በየክረምቱ ሥራውን ይቀጥላል። ከምዕራብ ተነሥቶ በሰፊው የተራራ ራስ ላይ የሚነጉደው በረዶ ከገደሉ አፋፍ ሲደርስ እየተለጠፈ ወደ ውጭ ያድጋልና፣ ከሥሩ ምንም ድጋፍ የሌለው የበረዶ ታዛ ይሠራል። ከላይ ለሚመጣ ሰው ታዛው የተራራው ቀጣይ ክፍል ይመስላል፤ መሬቱ የት እንዳበቃና ባዶው የት እንደጀመረ የሚለይ መስመር የለም፤ ሲሰበርም ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ከጫፉ ሳይሆን ሰው አስተማማኝ ነው ብሎ ከሚቆምበት ወደ ኋላ ገባ ብሎ ነው። ከሬድ ታርን በላይ ያለው አፋፍ በዚህ ረገድ እጅግ አደገኛ ስለሆነ ፎቶግራፍ ለማንሣት ወደ ጫፉ መጠጋት የማይገባ ድፍረት ነው። ከታዛው በታች ያለው ቁልቁለትም የራሱ ሥጋት አለው፤ የበረዶ ናዳ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብሉ ተዳፋቶች ላይ፣ ነፋስ ያከማቸው ንጣፍ ከሥሩ ካለው አሮጌ በረዶ ጋር በሚገባ ሳይጣበቅ ሲቀር ነው። ባለፉት ሁለት ቀናት ነፋሱ ከየት በኩል እንደነፈሰ የማያውቅ ሰው በየትኛው ጎን መውጣት እንዳለበት መወሰን አይችልም፤ በክረምት ተራራን ማንበብ ማለት በአብዛኛው ነፋስን ማንበብ ነው።

በዚህ ምክንያት ብሔራዊ ፓርኩ በክረምት ወራት የሚያሠራቸው የተራራ አናት መርማሪዎች የሚሰጡት አገልግሎት ሊመሰገን ይገባል። እነዚህ ባለሙያዎች በየተራ፣ በሳምንቱ ሰባቱም ቀናት፣ በዐውሎም ሆነ በጠራ አየር ሄልቬሊንን ይወጣሉ፤ በአናቱ ላይ የአየሩን ሙቀትና የነፋሱን ፍጥነት ይለካሉ፤ የበረዶውን ጥልቀትና ጥንካሬ፣ ታዛዎቹ የት እንዳደጉና የትኛው መንገድ እንደረጋ ይመረምራሉ፤ ያዩትንም በዚያው ቀን ለሕዝብ ያስነግራሉ። በማግስቱ ሊወጣ የሚያስብ ሰው የሚያነበው መረጃ በሳተላይት ግምት ላይ ብቻ የተመሠረተ ሳይሆን በቦታው ቆሞ የለካ ሰው ቃል በመሆኑ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ደመና ተራራውን ሲሸፍነውና መሬቱም በረዶ ሲሆን ሰማይና ምድር አንድ ነጭ ይሆናሉ። ጥላ ስለሚጠፋ ዓይን አቀበትን ከቁልቁለት መለየት ይሳነዋል፤ የቆመ ሰው ራሱን ሲንሸራተት ይመስለዋል፤ ሲንሸራተትም የቆመ ሊመስለው ይችላል። የሄልቬሊን ራስ ሰፊና ጠፍጣፋ መሆኑ በበጋ ምቾት ሲሆን በእንዲህ ያለ ጊዜ ግን ወጥመድ ነው። ተጓዡ ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ አቅጣጫውን በዲግሪ ለክቶ፣ እርምጃውን እየቆጠረ ርቀቱን መገመት ይኖርበታል። ተንቀሳቃሽ ስልክ በዚህ ረገድ ረዳት እንጂ መተማመኛ ሊሆን አይችልም፤ ባትሪው በብርድ ቶሎ ይሞታል፣ ማያውም በጓንት አይታዘዝም። በተቃራኒው ሰማዩ በጠራ ቀን አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን እስከ 90 በመቶ ያህሉን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ የፀሐይ መነጽር ያላደረገ ሰው ዓይኑ ሊቃጠልና ለጊዜው ማየት ሊሳነው ይችላል።

ልብስን በተመለከተ ዋናው ጠላት ብርዱ ብቻ ሳይሆን እርጥበት ነው። ጥጥ ላብና ውኃ መጥጦ ስለሚይዝ፣ ሲርስም ሙቀት መከላከሉን ስለሚያቆም፣ ለከተማ የሚመች የጥጥ ሹራብና ጂንስ ሱሪ በተራራ ላይ ጎጂ ነው። ከሥር ሱፍ ወይም ላብ የማይዝ ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ በላዩ ሙቀት ያዥ ልብስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ካፖርት ይደረባል፤ አቀበት ላይ ላብ ሳይመጣ አንዱን ማውለቅ፣ ዕረፍት ላይ ብርድ ሳይገባ መደረብ ያስፈልጋል። ትርፍ ጓንት፣ በፔርሙዝ ትኩስ ሻይና ስኳርነት ያለው ምግብም አይዘነጉም። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሐኪሞች ሃይፖተርሚያ የሚሉት ሁኔታ ይፈጠራል፤ ምልክቶቹም መንቀጥቀጥ፣ መደነቃቀፍ፣ የንግግር መንተባተብና ያልተለመደ ንጭንጭ ናቸው። መንቀጥቀጡ በድንገት ቢቆም ሰውየው ተሻለው ማለት ሳይሆን ሰውነቱ ሙቀት ለማመንጨት አቅም አጣ ማለት ነው። በዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው ሐሳቡ ስለሚደነዝዝ የራሱን ሁኔታ አይረዳም፤ በክረምት ብቻን መጓዝ የማይመከረውም በዋናነት ስለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሰዎችን ከሄልቬሊን አላራቀም። እ.ኤ.አ. በ1805 የፀደይ ወቅት ቻርልስ ጎፍ የተባለ ሠዓሊ በተራራው ላይ ሞቶ አስከሬኑ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ሲገኝ ውሻው ከአጠገቡ እንዳልተለየች በመታወቁ፣ ገጣሚዎቹ ዊልያም ዎርድስወርዝና ዋልተር ስኮት በዚያው ዓመት በጉዳዩ ላይ ግጥም ጽፈዋል፤ ዎርድስወርዝም በሰባ ዓመቱ ተራራውን እንደገና ወጥቶታል። በታኅሣሥ ወር፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1926፣ ጆን ሊሚንግና በርት ሂንክለር የተባሉ አብራሪዎች ትንሽ አውሮፕላን በተራራው ጠፍጣፋ ራስ ላይ አሳርፈዋል፤ በአጋጣሚ በስፍራው የነበሩት የግሪክኛ ቋንቋ ፕሮፌሰሩ ዶድስም ማረፋቸውን በፊርማቸው አረጋግጠውላቸው፣ አውሮፕላኑ ከአፋፉ ወደ ታች ዘልቆ ተመልሶ በሯል። ለሁለቱም ክስተቶች የቆሙ የመታሰቢያ ድንጋዮች ዛሬም በአናቱ አካባቢ ይገኛሉ፤ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ የድንጋይ መጠለያም አለ፤ ነፋሱ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢነፍስ ከአራቱ ማዕዘን አንዱ ስለሚከልል ተጓዦች ሻያቸውን የሚጠጡት እዚያ ተቀምጠው ነው። አየሩ በጠራ ቀን ከዚህ ቦታ ወደ ምዕራብ የሚታየው የተራሮች ሰልፍ፣ ከሥርም የአልስዋተር ጥቁር ውኃ በነጭ ሸለቆ ውስጥ ተጠማዞ ሲታይ፣ የጧቱ ድካም ሁሉ ከንቱ እንዳልነበረ ማንም ይመሰክራል።

በተራራው ላይ ጉዳት የደረሰበትን ሰው የሚያወርዱት እንደ ፓተርዴል ያሉ የተራራ ነፍስ አድን ቡድኖች ሲሆኑ፣ አባላቱ በሥራ ቦታቸውም ሆነ በአልጋቸው ሳሉ ሲጠሩ ተነሥተው የሚወጡ፣ ለአገልግሎታቸውም ከተረጂው ክፍያ የማይጠይቁ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እነርሱን በሌሊት ወደ ነፋስ የሚያስወጣው ስሕተት ብዙ ጊዜ መነሻው መመለስ የሚገባው ሰው አለመመለሱ ነው፤ አናቱ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረው ደመና ወርዶ ወደ ኋላ የዞረ ሰው ጉዞውን ያጎደለ ሳይሆን በሚገባ ያከናወነ ሰው ነው።

በብሪታንያ የሚኖሩ፣ ልጆቻቸውንም ይዘው በረዶ ለማየት ወደ ሰሜን የሚጓዙ ኢትዮጵያውያን ሄልቬሊንን መጀመሪያ በበጋ፣ በምዕራባዊው ቀላል መንገድ ቢያውቁት፣ ከዚያም የበረዶ ዶማና የክራምፖን አጠቃቀም በአንድ ቀን ከሚያሠለጥኑ ፈቃድ ያላቸው መሪዎች ጋር ቢወጡ፣ ስትራይዲንግ ኤጅን ግን በበረዶ ጊዜ ልምድ እስኪያገኙ ቢተዉት ይመረጣል። ከመነሣታቸው በፊት የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለሰው ይንገሩ። ችግር ቢደርስ በ999 ደውሎ በመጀመሪያ ፖሊስን፣ ቀጥሎ የተራራ ነፍስ አድንን መጠየቅ ይገባል፤ ስልክ በማይሠራበት ቦታ ደግሞ ፊሽካ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ይነፋል፣ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፣ መልስ እስኪመጣም ይደገማል፤ መልሱ ሦስት ፉጨት ነው።